የአረጋሽ አውሮፕላን

ጁባ፣ ሃይ ማላካል
ግንቦት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረመድኅን፤ ወልድያ

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ አለሁ፤ ይሄም መኖር ከተባለ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ የኔነሽ ናት፤ እዚህ ሠፈራችን ምግብ ቤት ያላት የመርሳ ከተማ ልጅ። እባክዎ አረጋሽ ቤት በሌለችበት ሰዓት ያንብቡት። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የእንጨት አውሮፕላንም ትሰጥዎታለች። ሻንጣ ውስጥ ከከተትሽው እግዜር ይይልሽ ብያት፣ እስከ አዲስ አበባ ጭኗ ላይ ልትይዘው ምላልኛለች።

አውሮፕላኑን የጀመረው ልጃችሁ አክሊል ነው። እህቴን አረጋሽን መቼም ያውቋታል። ልጇ የአውሮፕላን መካኒክ ሆኖ ከአብራሪዎቹ ጋር ገጠር ለገጠር ይዞራል ከተባለች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። "ሚኒባስ ነው የምታክለው አሉ፤ እንዴት ብላ ነው የምትሸከማችሁ?" እያለች በስልክ ታደርቀው ነበር። እሱ ደግሞ እየሳቀ "ሠርቼ እልክልሻለሁ፤ ስታያት ትለምጃታለሽ" አላት። የሚሠራባትን አውሮፕላን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ለካ፤ አንዱን ሜትር አምስት ሳንቲም እያደረገ ወረቀት ላይ ነደፈ። ከእኔ የአናጢነት ወርክሾፕ የተረፈ የቲክ እንጨት መርጦ ሆዱን ጠረበ፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ፈለፈለ። ክንፍና ጅራት ሲቀረው፣ በዐቢይ ጾም፣ ያቺው አውሮፕላን ይዛው ወደቀች።

እዚያው በወደቀበት አገር ቀበሩት። መንገድ የለም፣ ሙቀቱም ሬሳ አያቆይም አሉኝ። ጋሼ፣ እኔ እዚህ ከተማ ለስንቱ ለማላውቀው ሰው የሬሳ ሣጥን ሠርቻለሁ። ለእህቴ ልጅ ግን አንዲት ሳንቃ እንኳ አልላግሁም።

ስለዚህ ክንፉን እኔ ያዝኩት። ቲክ ቅባታም እንጨት ነው፤ በቤንዚን ካልጠረጉት ኮላ አይዘውም። ይህንን ለሌላው የማስተምር ሰውዬ ረስቼው ተላቀቀብኝ። ደግሞ የአልጋና የቁም ሣጥን ሰው ነኝና እንደ መደርደሪያ ቀጥ አድርጌ ገጠምኩት። የአክሊል የሥራ ባልደረባ ሺፋ መጥቶ አየና "ጋሼ ደበበ፣ የእሷ ክንፍ እኮ ወደ ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል" አለኝ። "አንተን ማን ጠየቀህ!" ብዬ ጮህኩበት። "ማሌሽ" አለኝ፤ እዚህ አገር ይቅርታም አይዞህም ሲሉ እንደሱ ነው የሚሉት። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ክንፉን ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ።

የመርዶውን ነገር እርስዎ ያውቁታል። ለእርስዎ ተነገረ፤ ለአረጋሽ ግን ደም ግፊት አለባትና ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ አለፈ፤ አሁን ደግሞ ጰራቅሊጦስ ይለፍ አሉ። ሽማግሌዎቹ ምን ቸገራቸው፣ በስልክ የምዋሸው እኔ!

"ልጄ የት ነው?" ትለኛለች። "ገጠር ነው፣ ኔትወርክ የለም" እላለሁ። "አውሮፕላኔንስ?" "እየሠራልሽ ነው፣ ክንፉን ይዟል።" ሰንብታ ትደውላለች። "ክንፉ አለቀ?" "አልቋል፣ አሁን ጅራቱ ላይ ነው።" እኔ የሠራሁትን ሁሉ እሱ ሠራው እያልኩ ነገርኳት። በዚህ ላይ ደግሞ መጨረስ ፈራሁ። ያለቀ ቀን ምን እላታለሁ? የላግሁትን መልሼ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሁ ቀኑን እገፋለሁ፤ ጅራቱ ሳስቶ ሊሰበር ምንም አልቀረው።

ባለፈው እሁድ ደወለች። "በቃ፣ ጨርሰው" አለችኝ።

"እሱ እንደተመለሰ..." ስል አላስጨረሰችኝም።

"ደበበ፣ አንተን ነው የምልህ። ልጄ በሕይወት ቢኖር ለፋሲካ ዛፍ ላይ ወጥቶም ቢሆን ይደውልልኝ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ገብረመድኅን ለእኔ ሲል ነው ችሎ የቆመው" አለች። "ማወቄን ካወቀ ይወድቅብኛል። ከሰዓት ከሰዓት ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ቤቱን እለቅለታለሁ። የትም አልሄድም፤ ከጓሮው አጥር ጀርባ ነው የምቀመጠው። ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። ዝም ሲል ፊቴን ታጥቤ እገባለሁ።"

እንዳልነግርዎ አስምላኛለች፤ ምያለሁም። ይኸው ነገርኩዎ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። በማግስቱ ጅራቱን ለጠፍኩ፤ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ አለቀ።

ጋሼ፣ ሽማግሌ አይጠብቁ። ጰራቅሊጦስንም አይጠብቁ። ዳግመኛ ከሰዓት ነጠላዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል፣ በሩን ዘጋ ያድርጉና "የትም አትሂጂ" ይበሏት።

የአክሊልን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለሁለታችሁ ብርታቱን ይስጣችሁ። ለእኔም ጸልዩልኝ።

ወንድምዎ ደበበ