አጎቴ ኢቨርና የልደቱ ኬክ

ቦዲልዬ፣

እናንተ ኮፐንሃገን ውስጥ «ስኳር አለብኝ» ስላችሁ አዝናችሁ ዝም ትላላችሁ። እዚህ ደቡብ ዩትላንድ ግን ኬክ አልበላም ማለት የጋባዥን እናት መስደብ ነው። ትናንት በአክስቴ ሜታ ልደት ጠረጴዛው በኬክ ተሞልቶ ለሲኒ እንኳ ቦታ ጠፋ። እኔ አንድ ቁራሽ ብቻ ቀምሼ ወደ ጥቁር ዳቦና ዓሣ ዞርኩ።

ባሏ ኢቨር ጢሙን ክሬም እንደነካው፣ «ሐኪሙ መኖርም ከለከለሽ እንዴ?» አለኝ። እሱም ስኳር አለበት፤ አምና ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆርጠዋል። ሜታ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችና «ለቀሩት ጣቶችህ ገና አዲስ ጫማ መግዛቴ ነው» አለችው። ተጋብዘው የመጡት ቄስ ሳይቀሩ ሳቁ።

አኩርፎ ወጣ። ጓሮ ተከተልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ጠዋት ምን ትበያለሽ?» አለኝ።

«ስኳር የሌለው የአጃ ገንፎ። እሁድ እሁድ ትንሽ ኬክ።»

«ኬክ ይፈቀዳል?»

«አንድ ቁራሽ።»

«እኔ እኮ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም መስሎኝ ነው ሁሉንም የመረጥኩት።»

ዛሬ ጠዋት የቀብር ፊት ይዞ ገንፎውን በላ፤ ግን ጨረሰው። የፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽን ላርስንና ያቺን ክፉ ድመትሽን ሳሚልኝ።

ቶቨ