የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት

ለምወድህ አባቴ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ አክስቴ ቤት ደህና ነኝ፤ ከመናደዴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። «ማነው? ማን ልበል?» እያልክ ዘጋህብኝ። መጀመሪያ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን የሠርጉ ቀን ነገር ትዝ አለኝ።

ባለፈው ሳውንድ ባከራየንበት ሠርግ ስፒከሮቹ ሲቃጠሉ «ሴት ልጅ ሳውንድ ስትነካ እንዲህ ነው» ብለህ በሰው ፊት አሳቅህብኝ። ጉድ እኮ ነው! እኔን መውቀስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እኔ ዝቅ ያደረግኩትን ማጫወቻ ጥግ ድረስ የከፈትከው አንተ ነህ።

«ከምንጩ ሙላው» የምትለው ለካሴት ልክ ነበር፤ አልክድም። የካሴት ድምፅ ደካማ ስለሆነ ካልሞላኸው «ሽሽ» የሚለው ጩኸት ይበዛል። አዲሱ ዲጂታል ማጫወቻ ግን ጉልበተኛ ነው። እስከ ጥግ ሲከፈት ሁለት ቮልት ይልካል፤ ያ አሮጌ አምፕሊፋየርህ ደግሞ ከግማሽ ቮልት በላይ አይችልም። የእሱን ማዞሪያ ብትቀንስም ዋጋ የለውም፤ ድምፁ ገና መግቢያው ላይ ይበላሻል። የተበላሸውን ድምፅ ከፍ ስታደርገው ደግሞ ትንንሾቹ ስፒከሮች ይቃጠላሉ።

በሠርጉ ቀን የአምፕሊፋየሩ ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ቀረ። ዘፈኑ ይንጫረራል፣ ሚዜዎቹ ጆሯቸውን ይዘዋል። ከኋላህ ቆሜ «አባዬ፣ ቀንሰው!» ብዬ ሁለቴ ጮህኩ፤ አልዞርክም። ይባስ ብለህ፣ ፊት ለፊትህ ስመጣ፣ ፈገግ አልክና «ጥርት ብሏል!» አልከኝ። ያኔ ነው ጆሮህ እንደከዳህ የገባኝ።

አፌን ብከፍት ኖሮ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ዋጥኩት። ጥፋተኛ መስዬ አንገቴን ደፍቼ ገመድ ጠቀለልኩ። ሁለተኛ ግን አልውጥም፣ አባዬ! እንደዚያ ቀን አንጀቴ አሮ አያውቅም።

አሁን ሬዚስተር በይጄበት የማጫወቻውን ጉልበት ወደ ሩብ የሚያወርድ ገመድ ሠርቻለሁ። አክስቴ ሳሎን ባለው አሮጌ አምፕሊፋየር ቀኑን ሙሉ ሞከርኩት፤ አንዴም አልተንጫረረም። አክስቴ እንኳ «ይሄ የኛ ቴፕ ነው?» አለች።

አትናደድ አልልህም፤ ከፈለግህ ተናደድ። ቅዳሜ ላለው ሠርግ ግን እመጣለሁ፤ ማጫወቻውንም ማዞሪያውንም የምይዘው እኔ ነኝ። አንተ ከጎኔ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ። ሰው ስለ ድምፁ ሲጠይቅህ «እሷን ጠይቋት» በል። ሌላ ምንም አትበል፤ እኔም አልልም።

ይህን አንብበህ ቅደደው። አክስቴም አላየችውም።

ደጅህን በሥራ፣ ቤትህን በጤና ይሙላልኝ።

እልኸኛዋ ልጅህ