የሆሺሞሪ ካርታ

ማክሰኞ

ወንድሜን ሰዒድን ያዙት። ኬላ ላይ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲሄድ፣ ሲሪንቃን አለፍ ብሎ። አብሮት የተሳፈረ ሰው ነው መጥቶ የነገረን። ሁሉም ወርደው ሲፈተሹ ከሰዒድ ቦርሳ ደብተር ወጣ። ፈታሹ ገለጥ ገለጥ አደረገና ሌላ ሰው ጠራ። ከዚያ እሱን ብቻ አስቀርተው መኪናውን ሂድ አሉት።

ደብተሩ የእኔ ነው። ቦርሳውም የእኔ ነው። ጠዋት ለባጃጁ መለዋወጫ ሊገዛ ሲወጣ የእሱ ቦርሳ ዚፕ ተበላሽቶበት ነበር። "ውሰደው" አልኩት፣ ውስጡን ሳላይ።

እማ "ምን ይዞ ነው?" እያለች ታለቅሳለች። ምን ብዬ ልንገራት?

ረቡዕ

እንዴት እንደማስረዳ ለመለማመድ እዚህ ልጻፈው።

ሆሺሞሪ የምትባል ከተማ የለችም። የኮምፒውተር ጌም ከተማ ናት፣ ጃፓን ውስጥ፣ ገና ባልመጣ ዘመን። ጌሙ አምስት ክፍል አለው። ታሪኩም ሰዎቹም ይቀያየራሉ፣ ከተማዋ ግን እሷው ናት። በሦስተኛው ክፍል የፈረሰው ግንብ በአራተኛው ተሠርቶ ይገኛል። ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ሲጠፋ እገባባታለሁ። መተኮሱ አይደለም የሚስበኝ፣ መዞሩ ነው። የዞርኩትን በእርሳስ እስላለሁ።

አሁን በፈታሽ ዓይን ሳስበው ግን ደብተሩ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፦

ድልድዮች፣ በቁጥር።
የጥበቃ ማማዎች፣ በቀይ።
የምድር ውስጥ መውጫዎች፣ በቀስት።
አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ "በዚህ በኩል ጠባቂ የለም" ብዬ ጽፌያለሁ። በገዛ እጄ!

ማታ አልበላሁም። ዛሬም አልበላሁም።

ጎረቤታችን ሼህ ይማም መጡ። ስለ ጌሙና ስለ ካርታው ነገርኳቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ዋስም እሆናለሁ" አሉኝ።

"አንቱ ያምኑኛል?" አልኳቸው።

"አንቺንስ አምንሻለሁ፣ ከተማዋን ነው ያላመንኳት።"

በዚህ ሁሉ መሀል ሳቄ መጣ። ወዲያው አፈርኩ።

ሐሙስ

ወልድያ ደርሰን ተመለስን። ሰዒድ ያለበት ግቢ በር ላይ እስከ ዙህር ሶላት ቆምን። ሼህ ይማም ለዘበኛው ሁሉ ሰላምታ ሰጡ፣ ዱዓ አደረጉ። አላስገቡንም። "ነገ ኑ።"

ምሳውን ግን ተቀበሉን። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ቤት ስንገባ እማ ሳህኑን አገላብጣ አየችና "በልቷል" አለች። እሱ ይሁን ሌላ ሰው በምን ይታወቃል? ሳህኑን ተቀብዬ አጠብኩት።

ለሼህ ይማምም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። በአምስቱም ክፍል የሆሺሞሪ ምሥራቅ ጭጋግ ነው፣ አያስገባም። ያን ባዶ ቦታ እኔ ሞላሁት። የመርሳን ድልድይ ሳልኩበት። ወደ ግራና ከተማ የሚወስደውን መንገድ ሳልኩበት። ቤታችንን፣ የማንጎውን ዛፍ ጭምር። ስም አልጻፍኩም፣ ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ያ ረቢ፣ ያን ገጽ አይተው አልፈውት ይሆን?

ዓርብ

አላለፉትም።

ዛሬ አስገቡን። ኃላፊው መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ በዚያው ገጽ ተዘርግቷል። የሳልኩት እኔ ነኝ ብዬ ላፕቶፔን ከፍቼ ጌሙን አስነሳሁ። ከተማዋ ብቅ አለች። ዝናብ፣ መብራት፣ ፎቅ። ጠጋ ብሎ ማየት ጀመረ። ያኔ ባትሪው አለቀ። ግቢው ውስጥ መብራት የለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ነጭ ወረቀትና እርሳስ ገፋልኝ። "በይ ሳዪው።"

ሳልኩ። እጄ መንገዶቹን ያውቃቸዋል። ወደቡን፣ ግንቡን፣ ድልድዮቹን አንድ በአንድ። ሼህ ይማም ከኋላዬ የሙስበሃቸውን ዶቃ ሲቆጥሩ ይሰማኛል። ምሥራቁ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከተውኩት ውሸታም ልባል ነው። ከሳልኩት ደግሞ ራሴን አሳልፌ መስጠቴ ነው።

ሳልኩት። ድልድዩንም፣ ቤቱንም፣ ማንጎውንም።

ደብተሩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አደረገ። "ይሄ መርሳ አይደለም?" አለኝ።

"ነው።"

"ለምን?"

"እዚያ መኖር አማረኝ፣ ግን ቤቴን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም" አልኩት። እውነቱም እሱ ነው።

ስሜን ጻፈ። "ነገ ጠዋት ኑ።" ለምን እንደሆነ አልነገረንም።

ቅዳሜ

ለቀቁት! አልሐምዱሊላህ። ሼህ ይማም ዋስ ሆነው ፈረሙ።

ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። መታችሁታል ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም፣ እሱንም አልጠየቅኩትም። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ከመጀመሪያው ቀን የሳልኩት እኔ ነኝ ብያቸው ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"አንቺን እንዳይጠሩሽ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ግን እርሳስ ሰጠኝና ሳል አለኝ። ድልድይ ብዬ ስስል አልጋ መሰለ። 'አንተ ማንን ነው የምትሸፍነው?' አለኝ። አልነገርኩትም።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። እኔ ከቤት ተቀምጬ ስለ አንድ ገጽ ስጨነቅ፣ እሱ እዚያ ሆኖ መሳል በማይችል እጁ ይስልልኝ ነበር።

ደብተሩንና ወረቀቶቹን አልመለሱልንም። ስሜም እዚያው ነው።

ሰዒድ አሁን በቀን ተኝቷል። እማ በሩ ላይ ተቀምጣ ማንንም አላስገባም ብላለች። መንገድ ላይ መኪና ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር እሱ ይባንናል፣ እኔም መጻፌን አቆማለሁ። እስካሁን ሁሉም አልፈው ሄደዋል።