በእናቴ ድምፅ ላይ ለተቀዳው ንግግርዎ የቀረበ ምስጋና

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለጓድ ዘርትሁን

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት ያግኝዎ፤ በተለይም ለሰፊው ሕዝብ ሲሉ ያለ ዕረፍት የሚያደክሙት ጆሮዎ ከማናቸውም ሕመም የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመስጊዱ በስተጀርባ በልብስ ስፌት የምተዳደረዋ ራህመት አብዱረሂም ነኝ። ሂስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ የሚል ማስታወቂያ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ስላወጡ፣ የእኔንም ከማስታወቂያዎ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን የምስክር ወረቀቴን የፈረሙት እርስዎ ነዎትና፣ በጽሑፌ ስሕተት ቢገኝ አብረን እንጠየቅበታለን።

ጉዳዩ የአንድ ካሴት ጉዳይ ነው። እናቴ ከዲጃ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ በሚሰበሰቡበት ወዳጃ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ መንዙማ ስትመራ የኖረች ሴት ነበረች። ድምፅዋን ባዕድ ወንድ ሰምቶት አያውቅም። ወንድሜ አብዱልሃዲ ከአሰብ ቴፕ ይዞላት በመጣ ጊዜም አልቀዳም ብላ ለሦስት ዓመት እንቢ አለች። ኋላ ሕመሙ ሲጸናባት፣ ከወዳጃችን ሴቶች በቀር ማንም እንዳይሰማው አደራ ብላ ለአንድ ጊዜ ፈቀደች። ወንድሜ የሚጫነውን ቁልፍ አሳይቶኝ ከቤት ወጣ፤ የቀዳሁት እኔ ነኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ከድምፅዋ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ያ ካሴት ብቻ ነበር።

አንደኛ። ባለፈው ሰኔ ቴፕ ያለው ነዋሪ ሁሉ ከነካሴቶቹ ያስመዝግብ የሚል መመሪያ አወጡ። ሰው በገዛ ቤቱ በሩን ዘግቶ የሚሰማውን ነገር ቀበሌው ሳያውቀው ቢቀር የሚመጣውን አደጋ ከእርስዎ በፊት ያሰበበት ሰው ስላልነበረ፣ ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔም አስመዘገብኩ፤ በማግስቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ቴፑንም ካሴቱንም ለምርመራ ወሰዱት። መመርመሩ ካልቀረ የሴቶች ማኅበሯ ወይዘሮ ከበቡሽ ብቻዋን ትስማው ብዬ እስከ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩ። መመሪያው ወንድና ሴት አይለይም አሉኝ። ከዚያም አምስት ወንዶች ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ሰማችሁት። ሙቀቱም ስለበረታባችሁ መስኮቱን በመክፈታችሁ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች ከጎረቤት የሸሸገችውን ድምፅ በገበያ ቀን ፍየል ሻጩና ገዢው ሁሉ አብሯችሁ ሰማው።

ሁለተኛ። በምርመራው አንድ ተጠርጣሪ መገኘቱ የኮሚቴዎን ንቃት ያሳያል። እናቴ በመንዙማዋ ሼህ ሷሊሕ ይድረሱልን እያለች አሥራ አንድ ጊዜ መጣራቷን ጸሐፊዎ ቆጥሮ መዘገበ። እኚህ ግለሰብ ከየት ተነሥተው፣ ምን ይዘው፣ ለማን እንደሚደርሱ እንዲያስረዱ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት መታወቂያቸውን ይዘው ቀበሌ እንዲቀርቡ መጥሪያ ተጻፈላቸው። ሼህ ሷሊሕ የእናቴ ቅድመ አያት ሳትወለድ ያረፉ ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ መሆናቸውን ባስረዳ፣ መሞታቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከሞቱበት ቀበሌ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ታዛዥ ዜጋ ነኝና መጥሪያውን ይዤ፣ የቀወትን የማሽላ ማሳ አቋርጬ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄጄ መቃብራቸው ላይ አነበብኩላቸው። ፈርመው እስኪቀበሉኝም ጥቂት ጠበቅሁ። አልፈረሙም፤ እርምጃ ከተወሰደባቸው ግን የት እንደሚገኙ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ሦስተኛ። ኮሚቴዎ ጥበብን አይወድም የሚሉ ሰዎች እጅግ ተሳስተዋል። የእናቴ ዜማ ጠቃሚ፣ ግጥሙ ግን ለምርት ዕድገት ፋይዳ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ፣ ዜማው ለቀበሌው የኪነት ቡድን እንዲሰጥ ወሰናችሁ። ልጇን መጠየቅ አላስፈለጋችሁም። መስከረም ሁለት ቀን አደባባይ ቆሜ ሰማሁት። እናቴ ትንፋሽዋ እየተቆረጠ የምታለቅስበት ቦታ ላይ ማዳበሪያ የሚል ቃል ገብቷል። የቡድኑ ልጆች አላጠፉም፤ የታዘዙትን ነው የዘፈኑት። ቃሉን እዚያ ያስገባው ሰው ግን ጆሮ የሚሉት ነገር ሲታደል አልደረሰውም፤ ስሙን ባላውቅም ፊርማው የእርስዎ ነው።

አራተኛ። ካሴቱ ከነቴፑ ከአራት ወር በኋላ ተመርምሯል የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ። የወዳጃችንን ሴቶች ጠራሁ፤ ታጥበን ዉዱእ አድርገን ተቀመጥንና ቁልፉን ተጫንኩ። ጓዶች ሆይ! የሚል የወንድ ድምፅ ወጣ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ድምፅ ነበር። ለበዓሉ የሚያደርጉትን ንግግር ሲለማመዱ እንዴት እንደሚሰማልዎ ለማወቅ ፈልገው ኖሯል፤ ባዶ ካሴት በቢሮው ስላልነበረ የቀረበውን መጠቀማችሁን ጸሐፊዎ ምንም ሳይከብደው ነገረኝ። ጉሮሮዎን ሲጠርጉ፣ ውሃ ሲጠጡ፣ እንደገና ከጓዶች ሆይ ሲጀምሩ ሰማን። መጨረስ አቅቶኝ አጠፋሁት። እናቴን የቀበርኩ ቀን ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ፤ በዚህ ላይ የማሾፍ አቅም የለኝም።

ከካሴቱ ጋር የመጣውን ደብዳቤዎን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ካሴቱ የኃላፊ ንግግር የያዘ ስለሆነ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ማጥፋት፣ መሸጥ ወይም ከቀበሌው ማውጣት የተከለከለ ነው ይላል። የአርባ ዓመቱን የከዲጃን ድምፅ ለማጥፋት አንድ ጣት በቃ፤ የእርስዎን ለማጥፋት ማመልከቻ፣ ሁለት ምስክርና ስብሰባ ያስፈልጋል። የማንኛችን ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን ከእንግዲህ ለመጠራጠር ምክንያት አልተውልኝም።

ለቤቴ ጠባቂ፣ ለመስኮቴ ጆሮ፣ ለሙታን ሳይቀር መጥሪያ ሰጪ ለሆኑት ለእርስዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ሥልጣንዎ የሚገባዎትን ያህል እንዲረዝም እመኛለሁ።

በመዝገብ ቁጥር 14 የተመዘገበው ቴፕ ባለቤት፣
ራህመት አብዱረሂም

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ካሴቱን እንደ ምንም ጨክነን እስከ መጨረሻው ሰማነው። ንግግርዎ ካበቃ በኋላ የእናቴ የመዝጊያ ዱዓ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ተርፏል። ቴፑን ስትመረምሩት ማሳለፊያ ቁልፉን ስለሰበራችሁት ወደ እርሷ የሚያደርስ ሌላ መንገድ የለንም፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በየሳምንቱ አሥራ አንድ ሴቶች ንግግርዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማንም በር ላይ ሳይቆምብን፣ ጸጥ ብለን እንሰማለን። በጠሩት ስብሰባ ሁሉ እንዲህ ያለ አድማጭ አግኝተው ስለማያውቁ እንኳን ደስ ያለዎት። በመጨረሻ አሚን ስንል ውጭ የሚያዳምጥ ሰው ካቆሙ ግን፣ ለማን እንዳልን አጣርቶ እንዲጽፍ ይንገሩልኝ።