አሥራ አንድ ቀን የያዝኩት ወረቀት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለታቢታ ደምሴ፣ ባለሽበት በቫልድሪያ አገር።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ያ የጉሮሮ ሕመምሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ይነሣብሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። የእማዬ ዳሌም በምርኩዝ ይሁን እንጂ እስከ ታቦር መንገድ ያደርሳታል። መዝሙሯን እንደ ዱሮው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትዘምራለች። ይህ ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የሚመጣ ስለሆነ በሆዴ ያለውን ሳልሸፍን እጽፍልሻለሁ።

ጥቅምት 26 ቀን የምትኖሪበትን አገር የሚያስተዳድረው የግራ ኅብረት ልዑካን አዋሳ ገቡ። የአቀባበሉን ንግግር የተየብኩት እኔ ነኝ። «የሠራተኛው፣ የገበሬውና የመምህሩ ሦስት ፓርቲዎች በአንድ ልብ የሚመሩት ኅብረት» እያልኩ ስምንት ገጽ ስደበድብ ጣቴ ደነዘዘ። የልዑካኑ መሪ ጓድ ሊዜታ የምትባል የመምህራኑ ፓርቲ አሮጊት ናት። በስሜ አስጠርታኝ የላክሽውን ጥቅልና ፎቶግራፍ ሰጠችኝ። በኅብረቱ ጉባኤ ላይ ቆመሽ ስታነቢ የተነሣሽውን ማለቴ ነው።

እማዬ ፎቶውን ልትሰቅል የእኔን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ከግድግዳው አወረደችው። አንድ ምስማር ብቻ ነው ያለን። ጎረቤታችን ወይዘሮ ገበያነሽ ገብታ «ከዚህ ቤትስ አንድ ሰው ወጣ!» ስትል የእጅ ውኃ እያስታጠብኳት ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው እኔን ሳያይ አልቀረም።

በማግሥቱ እንግዶቹ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ተጋበዙ፤ እኔም የአንቺ እህት ስለሆንኩ ከጓድ ሊዜታ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከአዲስ አበባ የመጣው ኃይለሚካኤል ያስተረጉምልን ነበር። ንግግሩ ደስ ብሏት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። «በአንድ ልብ የሚለውን ማን ጻፈው? እኛ እኮ በየቀኑ እንቀናናለን። ገበሬዎቹ የሠራተኞቹን ሚኒስትሮች ይቆጥራሉ፣ ሠራተኞቹ የእኛን ወንበር ያያሉ። ስለዚህ ምክር ቤቱ ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ የቀናበትን ነገር ፊት ለፊት ይናገራል። አንድ ዓመት ይህን ብንተወው ኅብረቱ ሊፈርስ ነበር» አለች። ኃይለሚካኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው፤ ማዶ የተቀመጠው የእኛ ካድሬ ግን ሰምቶ ኖሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ኅብረቱ በሬዲዮ የአማርኛ ክፍል ሊከፍት መሆኑን፣ አንቺን ለአምስት ዓመት እንደሚፈልጉሽ፣ ለዚህም የእናትሽ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። «ይገባታል፤ ከቀበሌዋ ለውጭ ትምህርት ዕድል ከተፈተኑት ስድስት ሰዎች አንደኛ ወጥታ እንደመጣች ነግራናለች» ስትል የያዝኩትን ዓሣ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ታቢታ፣ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሁለተኛ ነበርሽ፤ የሚላኩትም ሁለት ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ የተነገረኝ እማዬ ወድቃ ዳሌዋ በተሰበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለታችንም ብንሄድ ማን ያነሣታል ብዬ መሄዱን ለአንቺ ለቀቅሁና ቤት ገብቼ «ወደቅሁ» አልኳችሁ። ማንም አላስገደደኝም። ራሴ በሰጠሁት ነገር አራት ዓመት ሙሉ ስቀና መኖሬ ነው የሚያሳፍረኝ።

ወረቀቱን በትየባ መጽሐፌ ውስጥ ደበቅሁት። ካልተፈረመ ትመለሳለች፣ ስትመለስ እማዬን ትይዛለች፣ እኔም እሄዳለሁ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ያዝኩት። ትናንት ከሥራ ስገባ እማዬ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ማንበብ ባትችልም በጥቅሉ ላይ ያየችውን ማኅተም ለይታዋለች። «የቢሮ ወረቀት ነው» አልኳት። «የታቢታ አገር ማኅተም ነው፤ አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። «ለምን ደበቅሽኝ?» ስትለኝ «ስለቀናሁ» አልኩ። አንዴ አፌ ከተከፈተ የፈተናውም ነገር ተከትሎ ወጣ።

እማዬ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ «አንቺ መሄድ ፈልገሽ ነበር?» አለችኝ። በእነዚህ አራት ዓመታት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ «አዎ» ብዬ አለቀስኩ። እሷም አብራኝ አለቀሰች። በኋላ «ቀለሙን አምጪው» ብላ አውራ ጣቷን አተመች። «አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ትምጣ፤ ያን ጊዜ ተራው የወንጌላዊት ነው ብለሽ ጻፊ» አለችኝ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ነገ ኃይለሚካኤል መጥቶ ወረቀቱንም ይህንንም ይወስዳል። ቅናቴ አለቀ ብዬ አልዋሽሽም፤ ሬዲዮው ሲከፈትና ድምፅሽን ስሰማ ደግሞ ያገረሽብኝ ይሆናል። የምስጋና ቃል አትላኪልኝ። አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ፦ አንደኛ ነኝ ብለሽ የነገርሻቸው «ወደቅሁ» ያልኩትን አምነሽ ነው ወይስ እውነቱን እያወቅሽ?

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭሽን ትስምሻለች። ወንድማችን አምሳሉ ከነባለቤቱ ከጸሐይወርቅ ሰላም ይሉሻል፤ ልጃቸው ሙሴ ጥርስ አብቅሏል። ወይዘሮ ገበያነሽም «ሳሚልኝ» ብላለች። በጥቅሉ የላክሽው ካባሽ ለእኔ ልክ ሆኗል።

እህትሽ ወንጌላዊት ደምሴ
አዋሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.