ሁለቱም ኮንሶሎች በደህና ስለ መሆናቸው

ወንድሜ ፌሌቲ፣ የሥራ ስልክህን እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ለአለቃህ እጽፋለሁና አትቆጣኝ። አንተ ብትሆን "በትሕትና ጻፍ" ትለኝ ነበር፤ በትሕትና እጽፋለሁ።

ይድረስ ለተከበሩ ሚስተር ሃልኬት፣ የሸለቆው መረጃ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ ይህን ጋዜጣ ለሚያነቡ ሁሉ

ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ እንቅልፍዎም እንዳልተቋረጠ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የፌሌቲ ታውፋ ታናሽ ወንድም ሴሚሲ ነኝ። በቀብሩ ላይ እንደ ቶንጋ ባህላችን የሐዘን ምንጣፍ በወገቤ ታጥቄ ቆሜ ሳለ በሁለት እጅዎ ጨብጠው "ጎበዝ ሠራተኛ ነበር" ያሉኝ ልጅ ነኝ። ስለ ምስክርነትዎ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አንባቢ እንደሚያውቀው የሆስፒታሎቻችን መዝገብና የጡረተኞች ክፍያ የተቀመጠው ሜይንፍሬም በሚባለው የማዕከልዎ ትልቅ ኮምፒውተር ዲስኮች ላይ ነው። ዲስኮቹን መከፋፈልና ማስተካከል የሚቻለው ደግሞ ኮንሶል በሚባሉ ሁለት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ብቻ ነው። ሁለት የሆኑት አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲተካው ነው። ክረምቱ ሲገባ ሁለተኛው ሞተ። ወንድሜ ይቀየር ብሎ ደጋግሞ ሲለምን እርስዎ "አንዱ እየሠራ አይደል እንዴ? አንተ ደግሞ ጭንቀት ትወዳለህ" እንዳሉት እራት ላይ እየሳቀ ነግሮናል። ስለ መረጋጋትዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ የቀረው ኮንሶል ከርቀት አልታዘዝ ባለ ቁጥር፣ ወንድሜ ከምንኖርበት ከፌዘርስተን ተነሥቶ የሪሙታካን ኮረብታ ተሻግሮ ማዕከሉ ድረስ ሄዶ ፊት ለፊቱ መቀመጥ ነበረበት። በመጨረሻው ቀን መንገዱ በረዶ ይዞ ነበር። አክስታችን ሎሴ "ፀሐይ ትውጣ እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ?" ብትለው "አክስቴ፣ ኮንሶል ባይኖርም ዲስኮቹ መሥራታቸውን አያቆሙም። ሲታመሙ ግን ማንም ገብቶ አያክማቸውም" ብሏት ወጣ። መኪናውን ገደሉ ሥር አገኙት።

ሦስተኛው እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዎ ሚስ ፕሪንግል ደውላ በወንድሜ ስልክ የሚመጣውን መልእክት እንድቀበል ጠየቀችኝ። የኃላፊነት ርክክብ ነው፤ በተመዘገበው ተረኛ፣ ማለትም ብልሽት ሲኖር በሚጠራው ሠራተኛ፣ ስልክ ካልሆነ አይጸናም። መልእክቱ "ሁለቱንም ኮንሶሎች በደህና ሁኔታ አስረክቤያለሁ፤ ፌሌቲ ታውፋ" ይላል። ሁለተኛው እኮ አይሠራም ብላት "ወግ ነው የኔ ልጅ። አንዴ ነካ አድርገውና ትገላገላለህ" አለችኝ። ለመገላገሌ ማሰባችሁ ልቤን ነክቶታል። ከነካሁት ግን ወንድሜ ራሱ ሁለቱም ደህና ነበሩ ብሎ ፈረመ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ኮረብታው የላከው ሰው አይኖርም፤ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ ገደል ገባ ይባላል።

ይህን ሳሰላስል ስልኩ አላረፈም። በየጠዋቱ ከማዕከሉ በሚመጣለት ማስጠንቀቂያ ሁለተኛው ኮንሶል እንደማይገኝ ይናገራል። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያውም መልስ እያዘገየ መሆኑን መጨመር ጀምሯል። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ ነውር መሰለኝ።

ዘመንዎ የረዘመ፣ መንገድዎ የቀና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለዘወትር ጥንቃቄዎ ቤተሰቤ ያለበትን ውለታ መቼም የማልረሳው፣

ሴሚሲ ታውፋ፣ ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክስታችን ትናንት ወደ ቶንጋ ስለ ተመለሰች፣ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ነበር። የትምህርት ቤት ሸሚዜን ተኮስኩ። ከዚያ ስልኩን ከፍቼ "አልቀበልም" የሚለውን ነካሁ። ምክንያት ሲጠይቀኝ ሁለተኛው ኮንሶል መሞቱን፣ ተረኛውም መሞቱን ጻፍኩ። ቀጥሎ የአዲሱን ተረኛ ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ። በላኩልን የሐዘን ካርድ ላይ "በማንኛውም ሰዓት ደውል" ብለው የቤትዎን ስልክ ቁጥር ጽፈውልኝ ስለነበር እሱን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜ ስልክ ጸጥ ብሏል። ሬዲዮው የነገ ጠዋቱ ውርጭ ብርቱ ነው ይላል፤ እባክዎ ቀስ ብለው ይንዱ።