ከቦይ የተለቀመ ባዜቃ

ሰኞ
አንጥረኛው ባሌ ጌትነት ዛሬም የሰው ጉትቻ አበላሸ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ወርቅ ቅቡ ተዝረከረከበት። «የናይሮቢ ብርድ ነው» ይላል። የምን ብርድ! ጉትቻው እሁድ ለምታገባ ሙሽራ ነው። እኔም ፓርክላንድስ ሰፈር የሰው ቤት ሳጸዳ ውዬ፣ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። ለመጨቃጨቅም አቅም የለኝ።

ማክሰኞ
ወርቅ ለመቀቢያ የሚጠቀምበትን ፈሳሽ ብረት፣ ባዜቃውን፣ ከየት እንደሚያመጣ ሄጄ አየሁ። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ከአንድ ፋብሪካ አጥር ሥር ካለው ቦይ ነው። ጭቃው ውስጥ ብር የመሰሉ ጠብታዎች ይንከባለላሉ። እያጠበ በብልቃጥ ያጠራቅማል። አገር ቤት ባዜቃ ነጋዴ ተለምኖ ነበር የሚገኘው፤ እዚህ መሬት ላይ ሲያገኘው እግዜር የላከለት መስሎታል። ከወርቅ ጋር ለውሶ የብሩን ጌጥ ይቀባዋል። በከሰል ሲያግለው ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። የሚተነው ግን የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ነው!
ከቦዩ በታች ሴቶች በዚያው ውሃ ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ያጠጣሉ። ጎመኑን የምገዛው ከነሱ ነው።

ረቡዕ
ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን መጡ፤ አስመራ ነርስ ነበሩ። የጌትነትን እጅ አዩ፣ ድዱን አዩ።
«ጭሱ ነው ልጄ። ተወው።»
«አባቴ ዕድሜ ልኩን ሠርቶበታል!» ብሎ ጮኸባቸው።
«አባትህ በመጨረሻ እንዴት ሆኑ?»
«እኛ ነበርን የምናጎርሰው። ሰዉ እርግማን ነው ይል ነበር» አለ። ብልቃጡን ከአልጋ ሥር አውጥቶ በር ላይ አስቀመጠው። አለቀስኩ።

ሐሙስ
ብልቃጡን የት ልጣለው? ሽንት ቤት? ወንዝ ይገባል። ቆሻሻ ላይ? ልጆች ያነሱታል።
ጌትነት ጉትቻውን ያለ ቅብ መለሰ። የሙሽራዋ እናት ሰደበችው። ሌላ ምን ሥራ ያውቃል? ስደተኛ ማን ይቀጥራል? አገራችን እንግባ እንዳንል ደርግ እዚያው አለ፤ ሬዲዮው የሚያወራው ጦርነት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ክፍሉን አጥበን፣ በሩን ከፍተን ዋልን። እሱም አንድ ነገር ነው።

ዓርብ
ብልቃጡን ወደ ፋብሪካው ወሰድኩት። የበር ዘበኛው አይቶ «ሲዮ ዬቱ» አለኝ፤ የኛ አይደለም ማለቱ ነው። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ከቦያችሁ ነው የወጣው አልኩት። ሳቀና ተቀበለኝ። ገና ዞር ሳልል ቦዩ ውስጥ ገለበጠው።
ውሃው መርዝ እንደሆነ ጎመን ለሚያጠጡት ሴቶች ልነግራቸው ወረድኩ። አንዷ «እሺ ማማ፣ ሌላ ውሃ አሳዪኝ» አለችኝ።
ቤት ስገባ ጌትነት «ተቀበሉሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጁን ያዝኩት። መንቀጥቀጡ የቀነሰ መሰለኝ። የኔም እጅ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ይሆን? እንጃ።